ባለ አጭር ራሱ ክር

ሐሙስ፣ የካቲት 8

ዕቃው ዛሬ ገባ። ሁለት ካርቶን ክር፣ አንድ ካርቶን መንጠቆ፣ አንዲት ትንሽ ሳጥን ላባ። ጋሼ ወገቡን ስለሚያመው ካርቶኖቹን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ወረቀቱን እያነበበ «ይሄ አለ? ይሄስ?» ይለኛል። ይሄ ታላቅ ወንድሜ ሱቁን ከአባታችን ከተረከበ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ካርቶን ሲከፈት ግን ዛሬም እንደ ልጅ አንገቱን ያሰግጋል።

ዓሣ በሰው ሠራሽ ዝንብ የሚያጠምዱት ዝንብ ወርዋሪዎች የሚፈልጉትን ክር ለየሁ። ዝንቧ ላባ ናት፤ ክብደት የላትም፤ የሚወረወረው ክሩ ነው። ይህን ለስንቱ ደንበኛ ስናገር ኖርኩ። ተንሳፋፊው ላይ ላዩን ለሚበላ ዓሣ፣ የሚሰጥመው ለጥልቁ። ክሩ ወደ ጫፉ የሚወፍርበትን ቦታ ራስ እንለዋለን። ባለ ረጅም ራሱ ሩቅ ይሄዳል፤ ግን እንደ ጅራፍ መጀመሪያ ወደ ኋላ መዘርጋት አለበት። ባለ አጭር ራሱ ጀርባው ዛፍ ወይም ግድግዳ ለሆነበት ሰው ነው፤ ወደ ኋላ ሳይሄድ ከፊት ለፊት እየተንከባለለ ይዘረጋል።

ባለ አጭር ራሱ ስድስት ጥቅል ብቻ ነው የመጣው። አንዱን ለራሴ አስቀረሁት፣ ዝንብ የምሠራበት ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ። ጋሼ አየኝና «ገና ሳንከፍት ደንበኛ መጣችልን፤ ያውም የማትከፍል» አለ።

ሰኞ፣ የካቲት 19

ሹፌሩ መጣ። የከተማ አውቶቡስ ይነዳ የነበረው፣ በራችን ሲገባ ጎንበስ የሚለው ረጅሙ ሰውዬ። ከአደጋው በኋላ መሪ ሳይጨብጥ ስምንት ወር ሆነው። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም ይላሉ፤ ቢሆንም ቤት አስቀምጠውታል። ሐኪሙ እጅህን ሥራ አታስፈታው ብሎት ነው ማጥመድ የጀመረው። ዘንጉንም እኛ ነን የሸጥንለት።

ክር መለወጥ እንደሚፈልግ ነገረኝ። የሚቆመው ከወፍጮው በታች፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ነው። እዚያ ጀርባው ሁሉ ዛፍ ነው። በአንድ ሳምንት ብቻ አምስት ዝንብ ለዛፍ አብልቶ መምጣቱን እየሳቀ አወራኝ። ውሃ ውስጥ ግባ እንዳልለው ደግሞ ቀድሞ አስጠነቀቀኝ፤ ዋና አይችልም፣ ለባለቤቱም ቃል ገብቶላታል።

ለእሱ የሚሆነው ባለ አጭር ራሱ ነበር። መደርደሪያው ላይ የነበሩት አምስቱም ተሸጠዋል። አልቋል አልኩት። መቼ ይመጣል? ምናልባት በወሩ። ወር ሩቅ ነው አለ። ቀኑ አልሄድ እያለው እንደሆነ ከፊቱ ያስታውቃል።

ባለ ረጅም ራሱን አውጥቼ አሳየሁት። በር ላይ ወጥተን አንዴ ዘረጋሁለት። «ይሄ ግን ከኋላህ ቦታ ይፈልጋል» አልኩት።

«ቦታ አላጣለትም» አለኝ።

እኔው ራሴ የዘንጉ መጠቅለያ ላይ ጠመጠምኩለት። ደህና ክር ነው። እንዲያውም አሠራሩን ላየ ከአጭሩ ይሻላል።

ረቡዕ፣ የካቲት 28

በምሳ ሰዓት፣ ቆሜ።

ጠዋት ድልድዩ ሥር ሰው ተገኘ አሉ።

ሹፌሩ ነው።

ነፍስ ይማር።

ሐሙስ፣ የካቲት 29

ሱቁ ሰው አልጠፋበትም፤ የገዛ ግን የለም። ለወሬ ነው የሚመጡት። ጡረተኛው ፖስተኛ ባንኮኒውን ተደግፎ ግማሽ ቀን ዋለ። ኮቱ ወንዙ መታጠፊያ ጋ ድንጋይ ላይ ተጣጥፎ መገኘቱን፣ ጫማው ጎን ለጎን መቀመጡን ለገባው ሁሉ ይነግራል። «ሳያስበው የወደቀ ሰው ጫማውን ያወልቃል?» ይላል። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ስምንት ወር ቤት መዋል ለወንድ ልጅ ቀላል እንዳልሆነ ተናገረ። ቃሉን አፍ አውጥቶ ያለው የለም። እንደ ጉድጓድ ዙሪያውን ዞሩት።

እኔ መንጠቆ እቆጥር ነበር። ሁለቴ ተሳሳትኩ።

ጫማ የሚያወልቅ ሰው ውሃ ሊገባ ነው። ውሃ የሚገባበት ምክንያት ደግሞ ብዙ ነው። መናገር ነበረብኝ? ማን ጠየቀኝ?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 1

ቀብሩ ዛሬ ነበር። ጋሼ ሄደ፤ እኔ ሱቅ ጠበቅኩ። ቅዳሜ ሱቅ አይዘጋም አልኩት። ለአባታችን ጓደኛ ቀብር ቅዳሜ ዘግተን ነበር። ጋሼም ያስታውሰዋል፤ ግን ኮቱን ለበሰ።

ሲመለስ ኮቱን እየሰቀለ የቀብሩን ነገረኝ። የሹፌሩ ባለቤት ልብስ ሰፊ ናት፣ የስምንት ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። ሰው ጥቂት ነበር አለ። ገና በዕድሜው ለተቀጠፈ ሰው እንደሚጠበቀው አልነበረም። ሰዉ እንዴት እንደሚያዝን የቸገረው ይመስል ነበር፤ እጇን ጨብጦ፣ መሬት መሬት እያየ፣ ወደ ቤቱ።

ሰባት ሰው ገባ፣ አራቱ ገዙ። እንዲህ ነው የዋልኩት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4

ሱቅ የማንከፍትበት ቀን። ወንዙ መታጠፊያ ሄድኩ። ዘንግ አልያዝኩም።

አይደለም፤ ይዣለሁ። እሱ የገዛውን ዓይነት ክር ጠምጥሜ ነበር የሄድኩት።

ከውሃው ዳር እስከ ዛፎቹ አራት እርምጃ ነው። ረጅሙ ራስ ለመዘርጋት ከአሥር ሜትር በላይ ይፈልጋል። ዳር ላይ ቆሜ ወረወርኩ፤ ቅርንጫፍ ያዘው። ደገምኩ፤ ያዘው። ከዚያ ጫማዬን አወለቅኩ። ኮቴ ክንዴን ስላሰረኝ እሱንም አወለቅኩና አጣጥፌ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ምን እያደረግኩ እንደሆነ የገባኝ ኮቱን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው። እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ገባሁ። ውሃው እስከ ጉልበት ነው፤ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ። በየእርምጃው ከኋላዬ ቦታ እየሰፋ ሄደ። በዘጠነኛው ላይ ወረወርኩ፤ ክሩ እንደሚገባው ተዘረጋ፤ ወደ ፊትም ሄደ፤ ወንዙን አጋምሶ ወረደ። እንደዚያ ሲሆን ሰው ደስ ይለዋል። እኔንም ደስ አለኝ። ይህንን ካልጻፍኩ ምኑን ጻፍኩ።

በአሥረኛው እርምጃ ድንጋዩ ያልቃል። እግሬ ጫፉን ነካው፤ ሙልጭልጭ ያለ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ውሃ ጥቁር ነው።

ዓርብ፣ መጋቢት 7

ሽማግሌው ዳኛ ክር ሊገዙ መጡ። ከጀልባ ላይ ነው የሚያጠምዱት ወይስ ከዳር? ከዳር። ከኋላዎ ምን አለ? ሣር። ምን ያህል ሣር? ነፋሱ ከየት ይመጣል? ውሃ ይገባሉ? ሲገቡ ማን አብሮዎት ይሆናል? ዋና ይችላሉ?

«ልጄ» አሉኝ፣ «አርባ ዓመት ሰው ስጠይቅ ኖሬአለሁ፤ እንዲህ ግን ማንንም አላፋጠጥኩም።» ሳይገዙ ሄዱ። ጋሼ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ተወው።

ዓርብ፣ መጋቢት 14

የሹፌሩ ባለቤት መጣች።

በሩን ከፍታ ስትገባ አላወቅኳትም። ቀጠን ያለች፣ ጣቶቿ መርፌ የለመዱ፣ በነጠላ ጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ያቀፈች። ባንኮኒው ላይ ፈታችው። ዘንጉ ነው። ከድልድዩ በላይ ቅርንጫፍ ላይ ተጠምዶ እንደተገኘ፣ ትናንት ፖሊሶች እንዳስረከቧት ነገረችኝ። ክሩ ከመጠቅለያው ወጥቶ ተተብትቧል። ምን ያህል እንደወጣ በዓይኔ ለካሁት፤ ወፍራሙ ራስ በሙሉ ወጥቷል። የቆመ ክር አይደለም፤ የተወረወረ ክር ነው።

ማን እንደሸጠለት ጠየቀችኝ። እኔ አልኳት።

«ታዲያ ምን አለሽ ያን ቀን?»

ስለ ዛፉና ስለ አምስቱ ዝንቦች ነገርኳት። ፈገግ ልትል ነበር፤ ከንፈሯ ጀምሮ ተወው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ማውራት ጀመረች። ሰው እሷ ስትመጣ ወሬ ያቋርጣል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ የሚሉትን ግን አውቀዋለሁ» አለች። አሥራ አንድ ዓመት አብራው ስትኖር ቃሉን ሲያጥፍ አላየችም። ውሃ አልገባም ብሏት ነበር።

«እህቴ፣ አንቺ ሥራሽ ነው፤ ታውቂዋለሽ» አለችኝ። «ዓሣ ሊያጠምድ የሄደ ሰው ለምን ውሃ ውስጥ ይገባል?»

«አንዳንዱ ይገባል» አልኩ።

«ለምን?»

«እንጃ።»

እንጃ አልኩ። ጣቶቼ ያን ጊዜ ክሩን እየፈቱ ነበር፤ እነሱ ያውቃሉ። ዘንጉን የሚገዛ ከተገኘ እንድንሸጥላት ጠየቀችን። የጠቀለለችበትን ጨርቅ ባንኮኒው ላይ በመዳፏ አስተካክላ፣ አራት ቦታ አጣጥፋ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች።

እሁድ፣ መጋቢት 16

ጋሼ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል እንዳልቀመስኩ አይቷል። ምን ሆነሻል አለኝ። ነገርኩት፤ መሳቢያውንም፣ ወንዙንም፣ እንጃ ማለቴንም።

ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። ከዚያ እጄን ይዞ፣ ልጅ ሆኜ ስወድቅ በሚያባብለኝ ድምፅ፣ «ስሚኝ፤ ክር ሸጥሽ እንጂ ውሃ አልሸጥሽም» አለኝ። ቦታ እንደሚፈልግ ነግረሽዋል። ሰውዬው ትልቅ ሰው ነው። ደግሞ አሁን ብትናገሪ ማንን ታስነሻለሽ? ሴትየዋ ላይ ሌላ ሐዘን መጨመር ነው። አፍሽን ያዢ፣ ጊዜ ያልፋል።

አንጀቴ ራሰ። በላሁም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 19

ክር ሸጥኩ እንጂ ውሃ አልሸጥኩም።

ዕቃ ቆጠራ። ዝናብ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 20

ክር ሸጥኩ እንጂ ውሃ አልሸጥኩም። ጠዋት ሠርቶልኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፖስተኛው መጥቶ «የሹፌሩ እናት እንኳ የልጃቸውን ስም አያነሱትም አሉ፤ እናት ታውቃለች» ሲል፣ መልሼ ልለው ሞከርኩ። እንቢ አለኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 25

አዲስ ክር መጣ። ባለ አጭር ራሱ፣ አሥር ጥቅል። ሹፌሩ ከገዛ አምስት ሳምንት ሆኖታል፤ በወሩ ብዬው ነበር፤ ብዙም አልዋሸሁም።

አልዋሸሁም የሚለውን ጻፍኩና ዓይኔ እዚያው ላይ ቀረ። እንግዲህ እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ፤ ይህን ደብተር ከእኔ ሌላ የሚያነበው የለም።

አልቋል አልኩት። አላለቀም ነበር። እሱ ከቆመበት ሦስት እርምጃ ርቆ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ያን ጊዜ ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም፤ ትዝ ብሎኛል። እንዲያውም ስለ ዛፎቹ ሲነግረኝ መጀመሪያ የመጣብኝ እሱ ነው። እኔም የማጠምደው እንደዚያ ያለ ቦታ ነው፣ እኔም ስንት ወር ሙሉ ጠብቄዋለሁ፣ እሱ ገና ጀማሪ ነው፣ ልዩነቱ አይገባውም፤ ይህን ሁሉ አሰብኩ። ይህን ሁሉ ለማሰብ የፈጀብኝ አንድ ትንፋሽ ነው። ከዚያ አልቋል አልኩት።

ክፉ ሰው አይደለሁም። ክፉ ሰው ብሆን ይቀለኝ ነበር። የሆነ ነገር ስለወደድኩ ነው። ምን ዓይነት ምክንያት ነው ይሄ? ለማን ይነገራል?

ጋሼ ማንን ታስነሻለሽ ብሎኛል። ጋሼ ያላየው አንድ ነገር አለ። ሰዉ ሁሉ ሹፌሩ ጥሏቸው እንደሄደ ነው የሚያወራው። እንዳልጣላቸው የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ይዤ ነው የምቀመጠው፤ እንደዚያ ጥቅል።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 4

ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ዛሬ የማጥመጃ ሰደርያዬን፣ ዚፑ ተበላሽቷል ብዬ፣ የሹፌሩ ባለቤት የምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ወሰድኩት። ዚፑ በእርግጥ ተበላሽቷል። እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ ያለ ምክንያት መግባት አልሆነልኝም።

ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ መስኮቱ በእንፋሎት የታፈነ። ባልደረባዋ ወጥታ ነበር። ስታየኝ ዘንጉ ተሸጠ ብላ ነው የጠየቀችኝ። አልተሸጠም አልኳት። ሰደርያውን ተቀብላ ዚፑን እያየች፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት አልሄድም ማለቷን አወራችኝ። ሰው ሲጠይቃት እንደምትናገረው ሳይሆን፣ ለራሷ እንደምትናገረው። አንዷ የክፍል ጓደኛዋ «አባትሽ ስላልወደደሽ ነው የሄደው» ብላታለች።

ያኔ ተናገርኩ። ቆሜ ነው የተናገርኩት፤ ተቀመጪ ብላኝ ነበር። ከመሳቢያው ጀመርኩ፤ ከወንዙ ብጀምር መሳቢያው ጋ ሳልደርስ እንደምቀር ስለማውቅ። ክሩ ምን እንደሚፈልግ፣ ዛፎቹ ስንት እርምጃ እንደሚርቁ፣ ለምን ጫማ እንደሚወልቅ፣ ለምን ኮት እንደሚታጠፍ። እኔም አውልቄ እንደገባሁ። አሥረኛው እርምጃ ላይ ድንጋዩ እንደሚያልቅ።

አላቋረጠችኝም። እጇ ላይ የነበረውን ሸሚዝ መተኮስ ቀጠለች፤ አንገትጌውን፣ እጅጌውን። ስጨርስ ካውያውን አቆመችው።

«ስንት ጥቅል ነበር የቀረው?»

«አንድ።»

«እሱንም ለራስሽ።»

«አዎ።»

«ፈልገሽው።»

«አዎ። ፈልጌው።»

እንፋሎቱ እየወጣ ነበር። እሷ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ በመስኮቱ ግን ምንም አይታይም።  እንድትጮህብኝ ጠበቅኩ። መቶ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ በመቶውም ትጮህብኝ ነበር።

«እንግዲያው ዓሣ ሊያጠምድ ነው የገባው» አለች።

«ዓሣ ሊያጠምድ ነው። ዘንጉን ስታመጪው ክሩ ተወርውሮ ነበር፤ አይቼዋለሁ። ያን ቀን ልነግርሽ ይገባ ነበር።»

«ይገባ ነበር» አለች። ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘችው።  ልጠጋት አልኩና እጇን አንስታ ከለከለችኝ።

ይቅርታ ጠየቅኳት። ፊቷን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገች፤ ከዚያ የደንበኛ ሸሚዝ መሆኑ ትዝ አላትና እርጥቡን ቦታ እንደገና ተኮሰችው።

«እሱን ዛሬ አትጠይቂኝ» አለችኝ። «ከሞተ ጀምሮ እናቱ ሲያለቅሱለት አላየሁም። ፎቶውን ከግድግዳ አውርደው አልጋ ሥር አድርገውታል። እሁድ ትመጪና ለእሳቸው ትነግሪያቸዋለሽ። እኔ ብነግራቸው ለባሏ ብላ ነው ይሉኛል። ከአንቺ አፍ ይስሙት፤ መሳቢያውንም ጭምር።»

ዓርብ፣ ሚያዝያ 5

ለጋሼ ነገርኩት። ተቆጣ፤ ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ አብሬሽ ልምጣ ወይ አለኝ። አይሆንም አልኩት። ነገ ከነገ ወዲያ ሰው ምን እንደሚለን ያስባል፤ እኔም አስባለሁ። ፖስተኛው ሲመጣ ሁሉንም ነገርኩት። ባንኮኒውን ሳይደገፍ ሄደ።

እሁድ፣ ሚያዝያ 7

ቤታቸው ከዳቦ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት ክፍል። እናትየው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ፣ መነጽራቸው በክር የተጠገነ። ልጅቷን ጎረቤት ልከዋታል። ባለቤቱ ወንበር ሰጠችኝና እሷ ቆመች።

«የክሯ ሴትዮ አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እማማ። እኔ ነኝ።»

«በይ ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። እንደ ሐሙሱ አልሆነልኝም፤ ሁለት ሦስቴ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። መሳቢያው ላይ ስደርስ ዓይናቸውን ከፊቴ አላነሱም። ሲያዳምጡኝ ቆይተው፣ የገበያ ዕቃ እንደሚመረምር ሰው፣ አንድ በአንድ ይጠይቁኝ ጀመር።

«ጫማውንስ?»

«ውሃ ሲገባ ይወልቃል፣ እማማ። ይከብዳል።»

«ኮቱንስ?»

«ክንድ ያስራል። ለመወርወር አያመችም።»

 ከዚያ ጎንበስ ብለው ከወንበራቸው ሥር የፕላስቲክ ከረጢት ሳቡ። ጫማው ነበር። እጃቸውን አንዱ ውስጥ ከትተው ግራጫ የሱፍ ካልሲ አወጡ፤ ከሌላኛውም ውስጥ ሌላውን። ተጠቅልለው ነው የነበሩት፤ ከሰጧቸው ቀን ጀምሮ አልፈቷቸውም።

«እነዚህስ? ለምን ጫማው ውስጥ ጠቀለላቸው?»

ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ያልተዘጋጀሁበት ነው። «እንዳይረጥቡበት ይሆናል» አልኩ። «ሲወጣ እግር ይቀዘቅዛል።»

«ሊለብሳቸው» አሉ።

«አዎ፣ እማማ። ሲወጣ ሊለብሳቸው።»

ካልሲዎቹን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። አንዱን ፈቱት፤ ተረከዙ ላይ የተጠገነ ቦታ ነበረው፤ አውራ ጣታቸውን እዚያ ላይ አመላለሱት። ባለቤቱ ከኋላቸው መጥታ ትከሻቸውን ያዘች።

«ተንሸራቶ ነው በይኛ።»

«ተንሸራቶ ነው።»

«እንግዲያው ላልቅስለት» አሉ፣ ከእኛ ፈቃድ እንደሚጠይቁ ሁሉ። አለቀሱም። ስሙን እየጠሩ፣ በሕፃንነቱ የሚጠሩበትን ሌላ ስም እየጠሩ፣ ታች ያሉት ዳቦ ጋጋሪዎች ሥራ እስኪያቆሙ ድረስ።

እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። የእኔ ቦታ አይደለም ብዬ ተነስቼ በሩ ጋ ደረስኩ።

ባለቤቱ ዞር ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ምሕረት አላየሁም፤ ይህንን ለራሴ አሳምሬ አልጽፈውም።

«ተቀመጪ» አለችኝ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ።